ያቺን ጥቁር ነጥብ ዝም ብላችሁ አትለፏት

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህራን ያደረግኩት ንግግር ነው። ጽሑፉን ላኪልን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ከነሰላምታው፣ ከነመደጋገሙ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ በዚህ ዝናብ፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። አትፈሩ። ዛሬ የምናገረው ግማሹ ለእናንተ ነው።

ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው። ከታማሚ የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ጠጥቶ፣ ስላይድ ላይ ተለጥፎ ይመጣልኛል። እኔ በማይክሮስኮፕ አይቼ ምን እንደሆነ እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የማየው ሴል ነው። ከሴሉ ኒውክሊየሱን፣ ዲኤንኤው የተቀመጠበትን እምብርቱን፣ አያለሁ። ከኒውክሊየሱ ውስጥ ደግሞ አንዲት ነጥብ አያለሁ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያች ነጥብና ስለ ዘመዶቿ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ተማሪዎቻችሁን «ሴል ሣሉ» ስትሏቸው ኒውክሊየሱ መሃል ጥቁር ነጥብ የማያደርግ አለ? የለም። ስሟ ማን ነው? ኒውክሊዮለስ። ሥራዋስ? ራይቦዞም፣ ማለትም የሴሉን ፕሮቲን የሚያመርተውን መሣሪያ፣ መሥራት። ከዚያስ? ከዚያ ወደ ሚቶኮንድሪያ እናልፋለን። የሰጠናት አንድ መስመር ነው።

እኔ 9ኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችንን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ሚቶኮንድሪያ ሽፋን አለው። ኒውክሊየስ ራሱ ሽፋን አለው፤ ያውም ድርብ። «ቲቸር፣ የዚህችኛዋ ሽፋን የታለ?» አልኳቸው። «ሽፋን የላትም። ነጥብ ናት። በእርሳስ አጥቁሪና እለፊ» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። በዚያ ዓመት ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

መምህሬ ክፉ ሰው አልነበሩም። መጽሐፉ ላይ ከዚያ በላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ግን ያ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ሽፋን ከሌላት ለምን አትበተንም? ምን ይዟት ነው? በዚያን ጊዜ ለዚህ አጥጋቢ መልስ ያለው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ዋናው መልስ መምጣት የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2009 ወዲህ ነው። ከአሁን በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ኒውክሊየስ ውስጥ ምን ምን ሽፋን የሌለው ክፍል እንዳለ። ሁለተኛ፣ ግድግዳ ሳይኖር ምን እንደያዛቸው። ሦስተኛ፣ ሲፈርሱ ሰው ላይ ምን እንደሚመጣ። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

እንግዲህ አንደኛው።

የሰው ሴል ኒውክሊየስ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር 100ኛ እጅ ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ 2 ሜትር ያህል ዲኤንኤ በ46 ክሮሞዞም ተከፋፍሎ ተቀምጧል። በላዩ ላይ በሺዎች የሚቆጠር የፕሮቲን ዓይነት አለ። ከዲኤንኤው ላይ የሚገለበጠው ክር፣ አርኤንኤ፣ አለ። ሁሉም ይንቀሳቀሳል፣ ሁሉም ይጋጫል። በውስጡ አንድም ግድግዳ የለም። አንድም!

ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ራይቦዞም የሚሠራው ኒውክሊዮለስ ውስጥ ነው። አርኤንኤን የሚቆርጡና የሚቀጥሉ ፕሮቲኖች ስፔክል በሚባሉ ከ20 እስከ 50 በሚሆኑ ጠቃጠቆዎች ውስጥ ይከማቻሉ። የእነዚህ ቆራጮች መሣሪያ የሚዘጋጅበት ደግሞ የካሃል አካል ይባላል። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በ1903 በነርቭ ሴል ውስጥ ያየው ነው፤ በስሙ የተጠራው ግን በ1999 ነው። የፒኤምኤል አካል የሚባልም አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። በ2002 ደግሞ ፓራስፔክል ተገኘ። እሱን የሚይዘው ኒት1 የሚባል ረጅም አርኤንኤ ነው። አርኤንኤውን ካጠፋችሁት ፓራስፔክሉም አይኖርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ለ30 ዓመት ያህል ተመራማሪዎች ስፔክልን ለማየት አንድ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ መፈለጊያ፣ ይጠቀሙ ነበር። የሚይዘው አንድ የታወቀ ፕሮቲን ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ2020 ሲጣራ በዋናነት የሚይዘው ሌላ፣ ኤስአርአርኤም2 የሚባል ትልቅ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ይህንና ሶን የሚባለውን አንድ ላይ ሲያስወግዱ ስፔክሎቹ ተበተኑ። ለ30 ዓመት የቤቱን ምሰሶ እያዩ በሌላ ስም ሲጠሩት ኖረዋል ማለት ነው። ይህን ለተማሪ ንገሩት። ሳይንስ እንዲህ እየታረመ እንደሚሄድ ይወቅ።

አሁን ወደ ልጅነቴ ልውሰዳችሁ።

እናቴ መርካቶ፣ በርበሬ ተራ ነጋዴ ነበረች። የ7 ዓመት ልጅ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ምሳ ይዤላት እንድሄድ ተላክሁ። ፈራሁ። «እማዬ፣ በርበሬ ተራ በሩ የት ጋ ነው?» አልኳት። «በር የለውም ልጄ። ሲያስነጥስሽ ደርሰሻል ማለት ነው» አለችኝ። እንዳለችው ሆነ። ሸማ ተራን አለፍኩ፣ አንድ መታጠፊያ ዞርኩ፣ አስነጠሰኝ። ደረስኩ።

አስቡት። በርበሬ ተራ አጥር የለውም። ምናለሽ ተራ አጥር የለውም። ማንም ገብቶ ይወጣል። ግን ተራው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ታዲያ ምንድን ነው የያዘው?

እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ውዬ አይቻለሁ። ሴቶቹ ሚዛን ይዋዋሳሉ። ዝርዝር ይለዋወጣሉ። አንዷ ለጉዳይ ስትነሳ ሌላዋ ዕቃዋን ታይላታለች። ገዢ መጥቶ ያንዷን በርበሬ ካልወደደ «እሷ ጋ እይ» ትለዋለች። እያንዳንዱ ነገር ትንሽ ነው። ለአንድ ዝርዝር ብሎ እዚያ የሚቀመጥ ሰው የለም። ተደምሮ ግን ማንም ተነስቶ አይሄድም። ማታ ደግሞ ሁሉም ሸክፎ ይሄዳል፣ ቦታው ባዶ ይሆናል። ጠዋት ተመልሶ እዚያው ይሰበሰባል።

በአማርኛ ለእነዚህ ሽፋን የለሽ ክፍሎች ስም ስፈልግ ከ«ተራ» የተሻለ ቃል አላገኘሁም። የኒውክሊየስ ተራዎች። እባካችሁ ክፍል ውስጥ ሞክሩት።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ደረስን። ምን ይዟቸዋል?

ኒውክሊዮለስን ፌሊቼ ፎንታና የተባለ ጣሊያናዊ በ1781 አይቶ ሥሏታል። ያያት ከአንድ እባብ መሳይ ዓሣ ቆዳ ላይ በወሰደው ልጋግ ሴሎች ውስጥ ነው። ከ200 ዓመት በላይ ነው። በ1899 ኤድመንድ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ የሴሉ ውስጥ ፈሳሽ የብዙ ዓይነት ጠብታዎች ድብልቅ ይመስላል ብሎ ጻፈ። ጥሩ ግምት ነበር። ግን ለመቶ ዓመት ያህል ብዙ ሰው አልተከተለውም። ለምን ይመስላችኋል?

አንዱን ምክንያት ከራሴ ሥራ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ የጤና ተቋም ናሙና መጣልኝ። ከታማሚው ከተወሰደ በኋላ ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ረጅም ሰዓት ቆይቷል። ማይክሮስኮፕ ላይ ሳየው ኒውክሊየሶቹ ሟሙተዋል፤ ነጥቧ የለችም። ምንም ልጽፍ አልቻልኩም። ሰውየው እንደገና ተጠሩ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው መጥተው እንደገና በመርፌ ተወጉ። እጃቸው ላይ ያለው ፋሻ እስከ ዛሬ አይኔ ላይ አለ። በሁለተኛው ናሙና ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ታየ።

ፎርማሊን ምን ያደርጋል? ፕሮቲንን ከፕሮቲን ጋር ያስራል። ባለበት ያስቀረዋል። እኔ ለሥራዬ ያስፈልገኛል። ግን አስቡት፤ እኛ የምናየው እጅ ከእጅ የታሰረ ገበያ ነው። ማንም አይንቀሳቀስም። በዚህ መንገድ ብቻ ያየ ሰው «ይቺ ድርቅ ያለች ነገር ናት» ቢል ይፈረድበታል?

ከዚያ ሴሉን በሕይወት ሳለ የሚያሳይ መንገድ መጣ። ከአንድ የባሕር ፍጡር የተገኘ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን አለ። እሱን ከምትፈልጉት ፕሮቲን ጋር ትቀጥሉታላችሁ። ፕሮቲኑ የሄደበት ሁሉ ያበራል። ሮበርት ፌርና ቶም ሚስቴሊ በ2000 ፋይብሪላሪን የሚባለውን የኒውክሊዮለስ ፕሮቲን እንዲህ አበሩት። በሌዘር አንዱን ቦታ አጠፉት። ከዚያ ጠበቁ። ነገሩ ድርቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ያ ቦታ ጨለማ ሆኖ ይቀር ነበር። በደቂቃ ውስጥ ጨለማው እንደገና በብርሃን ተሞላ። ሌሎች ፋይብሪላሪኖች ገብተውበታል፤ የጠፉት ወጥተዋል።

ተራው ባለበት አለ። ነጋዴዎቹ ግን ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

በ2009 ክሊፎርድ ብራንግዊንና አንቶኒ ሃይማን ከባልደረቦቻቸው ጋር የአንዲት ትንሽ ትል ጽንስ ያጠኑ ነበር። ከኒውክሊየሱ ውጭ ያሉ ጠጣር የመሰሉ እንክብሎችን ሲያዩ ነገሩ ሌላ ሆነባቸው። እንክብሎቹ ይንጠባጠባሉ። ሁለቱ ሲነካኩ ይዋሃዱና ክብ ይሆናሉ። ፈሳሽ ናቸው! በ2011 ደግሞ ወደ ኒውክሊዮለስ ዞሩ። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ሥራ የ2023ን የብሬክስሩ የሳይንስ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለት ጠብታ ሲዋሃድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤታችሁ ሽሮ ሲንተከተክ ላዩ ላይ ያለውን ዘይት እዩት። ትንሿ ክብ ከትልቋ ጋር ስትነካካ መጀመሪያ መሃሏ ቀጠን ያለ ድልድይ ይሠራል። ከዚያ እንደ ኦቾሎኒ ትመስላለች። ከዚያ ክብ። ኒውክሊዮለሶችም እንደዚሁ ያደርጋሉ። ልዩነቱ ቶሎ አለመሆኑ ነው፤ እጅግ ዝልግልግ ናቸውና ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ምሳሌው እዚህ ድረስ ነው። ዘይቱ ውኃን ስለሚሸሽ ነው የሚሰበሰበው። የኒውክሊየስ ጠብታ ውስጥ ግን አብዛኛው አሁንም ውኃ ነው። ፕሮቲኖቹ የሚሰበሰቡት እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው።

እንዴት ይያያዛሉ? ገጠር ያደጋችሁ ችጎጎት ታውቃላችሁ። በሣር ውስጥ አልፋችሁ ስትወጡ ሱሪያችሁ ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ከመንጠቆዎቹ አንዷ ብቻ ብትሆን ነፋስ ይወስዳት ነበር። ብዙ ስለሆነች ግን አትለቅም። ስትጎትቷት ደግሞ ትላቀቃለች፤ ሱሪው አይቀደድም። አልተሰፋችማ!

የእነዚህ ፕሮቲኖች ምሥጢር ይኸው ነው። በትምህርት ቤት «ፕሮቲን ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል፣ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጥማል» እንላለን። እውነት ነው። ግን የብዙዎቹ የኒውክሊየስ ፕሮቲኖች አንድ ክፍል አይጣጠፍም። እንደ ላላ ክር ይንጠለጠላል። በክሩ ላይ ተመሳሳይ መንጠቆዎች እየተደጋገሙ ይመጣሉ። ፋይብሪላሪን ግላይሲንና አርጂኒን በሚባሉ የፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲዶች የተሞላ እንዲህ ያለ ክር አለው። አርጂኒን ፖዘቲቭ ቻርጅ ነው፣ አርኤንኤ ኔጋቲቭ። ይሳሳባሉ። ይያያዛሉ፣ ይለቃሉ። ደግሞ ይያያዛሉ።

ኤንፒኤም1 የሚባለውን እዩት። የኒውክሊዮለስ ዋና ፕሮቲን ነው። አምስቱ ተቃቅፈው አንድ ቀለበት ይሠራሉ። ከእያንዳንዳቸው እጆች ወጥተዋል። እጆቹ የራይቦዞም ፕሮቲኖችን አርጂኒን የበዛበት ክፍል ይይዛሉ። ሌሎቹ እጆች አርኤንኤ ይይዛሉ። አምስት በብዙ እጅ! ሚዛን የሚያዋሱት፣ ዝርዝር የሚቀይሩት እነዚህ ናቸው።

የእጅ ብዛት ወሳኝ መሆኑ በሙከራ ታይቷል። በ2012 ዳላስ የሚገኘው የማይክል ሮዘን ላብራቶሪ ሁለት የሚያያዙ ፕሮቲኖችን እየደጋገመ ቀጠለ። ባለ ጥቂት እጅ የሆኑት ብዙ ካልተጨመሩ በቀር ውኃው ጥርት እንዳለ ይቀራል። እጅ በጨመሩ ቁጥር ግን በጥቂቱም ጠብታ ይፈጠራል። ከአንድ መጠን በታች ሁሉም ተበትኗል። ያንን መጠን ሲያልፍ ይሰበሰባል። በመሃል ቤት የለም።

እዚህ ላይ አንድ መምህር እጃቸውን አወጡ። ጥያቄያቸው ግሩም ስለሆነ እንዳለ ላስቀምጠው። «ይቅርታ ዶክተር፣ ሁሉም የሚያያዙ ከሆነ ለምን ሁሉም አንድ ላይ አይቀላቀሉም? ለምን አንድ ትልቅ ጠብታ አይሆኑም?»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር! ይህንን ነው የምፈልገው።

ኒውክሊዮለስ ራሷ አንድ ጠብታ አይደለችም። ሦስት ድርብ ናት። ከውስጥ የራይቦዞም አርኤንኤ ጂኖች ያሉበት። ቀጥሎ ፋይብሪላሪን ያለበት። ከውጭ ኤንፒኤም1 ያለበት። በ2016 የብራንግዊን ላብራቶሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሁለቱን ፕሮቲኖች ለየብቻ አጣርቶ ከአርኤንኤ ጋር በብልቃጥ ውስጥ አገናኛቸው። ሴል የለም፤ ፕሮቲንና አርኤንኤ ብቻ። አልተቀላቀሉም። የፋይብሪላሪኑ ጠብታ የኤንፒኤም1ኑ ጠብታ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ! ልክ እንደ ሴሉ። ያለ ማንም ትእዛዝ። የሁለቱ የገጽ ውጥረት ስለሚለያይ አንዱ ሌላውን ይከባል።

ይህ ለሴሉ ምን ይጠቅመዋል? የማምረቻ መስመር ይሆንለታል። አርኤንኤው ከውስጥ ይጻፋል። በፋይብሪላሪኑ ድርብ ሲያልፍ ይሞረዳል። በኤንፒኤም1 ድርብ ውስጥ ከፕሮቲኖቹ ጋር ይገጣጠማል። አንድ ራይቦዞም 4 አርኤንኤና 80 ያህል ፕሮቲን አለው። እየተገጣጠመ ሲሄድ አርኤንኤው በፕሮቲን ይሸፈናል። ኤንፒኤም1 የሚይዝበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ያለቀው ይወጣል። ማንም አላባረረውም፤ የሚይዘው እጅ ስላጣ ነው የሄደው። በማደግ ላይ ያለ የሰው ሴል ይህን በየደቂቃው በሺዎች ጊዜ ይሠራል። አሁን እዚህ ተቀምጣችሁ፣ በሚያድጉ ሴሎቻችሁ ውስጥ።

ደግሞ ሌላ ነገር። የራይቦዞም አርኤንኤ ጂኖች ያሉት በ13ኛው፣ በ14ኛው፣ በ15ኛው፣ በ21ኛውና በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ከእናትና ከአባት ስንቆጥር 10 ቦታ ማለት ነው። ግን ሴሉ ውስጥ 10 ኒውክሊዮለስ አታዩም፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ናቸው። ለምን? ይዋሃዳሉ። ሴሉ ሊከፈል ሲል ደግሞ ፕሮቲኖቹ ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጠፋል፣ ጂኖቹ ሥራ ያቆማሉ፣ ኒውክሊዮለስ ይጠፋል። ክፍፍሉ ሲያልቅ በሁለቱም ልጆች ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ማታ ተበትኖ ጠዋት እንደሚሰበሰበው ተራ።

ከሁሉም በላይ የምወደውን ሙከራ ልንገራችሁ። ሳልነግራችሁ ብሄድ ይቆጨኛል። ዜኖፐስ የምትባል ጥፍራም የአፍሪካ እንቁራሪት አለች። ለምርምር የምትውለው ከደቡባዊ አፍሪካ ናት፤ ዘመዶቿ ግን በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች ውኃ ውስጥ ይኖራሉ። አንደኛዋ ዝርያ እንዲያውም ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። የዚህች እንቁራሪት እንቁላል ሴል ከ1 ሚሊሜትር በላይ ነው። ኒውክሊየሱ ብቻውን ግማሽ ሚሊሜትር ሊጠጋ ይችላል። ውስጡ ከ1,000 በላይ ኒውክሊዮለስ አለ።

ማሪና ፌሪችና ብራንግዊን በ2013 ጠየቁ። ይህ ሁሉ ጠብታ በዚህ ሰፊ ቦታ ለምን አይወድቅም? ኒውክሊየሱ ውስጥ አክቲን የሚባል ፕሮቲን ስስ መረብ ዘርግቷል። መረቡን በታተኑት። ኒውክሊዮለሶቹ ወደ ታች ሰመጡ! በደቂቃዎች ውስጥ ከታች ተከማችተው ይዋሃዱ ጀመር። የመሬት ስበት በሴል ውስጥ! ትንንሽ ሴሎች ውስጥ ይህ አይታይም፤ ትልቁ ሴል ግን ጠብታዎቹን የሚያዝል ያስፈልገዋል። እኔ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ተመራማሪ በሁሉም ነገር አልተስማማም። ኒውክሊዮለስ ላይ ማስረጃው ብዙ ነው። ትንንሾቹ ጠቃጠቆዎች ላይ ግን ክርክሩ አላለቀም። ክብ ነው፣ ይዋሃዳል ብሎ ብቻ ፈሳሽ ጠብታ ነው ማለት አይበቃም ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። መለካት ያስፈልጋል። ለተማሪዎቻችሁ ይህንንም ንገሯቸው። ያልተዘጋ ጥያቄ እንዳለ ሲሰሙ አይናቸው እንዴት እንደሚበራ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው። ሲፈርሱስ?

እኔ በሥራዬ ኒውክሊዮለስን የምፈልገው ለዚህ ነው። ካንሰር በፍጥነት ማደግ ይፈልጋል። ለማደግ ፕሮቲን፣ ለፕሮቲን ራይቦዞም ያስፈልጋል። ስለዚህ በብዙ ካንሰር ኒውክሊዮለስ ታብጣ፣ ደምቃ ትታያለች። የኩላሊት ካንሰርን ደረጃ ስንሰጥ ነጥቧን ነው የምናየው። 400 ጊዜ አጉልተን እንኳ እምብዛም ካልታየች ዝቅተኛው ደረጃ ነው። 100 ጊዜ ብቻ አጉልተን ጎልታ ከታየች ወደ 3ኛ ደረጃ ወጣ ማለት ነው። የአንድ ሰው ሕክምና በዚያች ነጥብ ላይ ተመሥርቶ ሊወሰን ይችላል። «በእርሳስ አጥቁሪና እለፊ» ያሉኝን ያኔ አስታውሳለሁ።

ኤንፒኤም1ን ታስታውሱታላችሁ? አኪዩት ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ከሚይዛቸው አዋቂዎች በሲሶው ገደማ የዚህ ፕሮቲን ጂን ጫፉ ላይ ተቀይሮ ይገኛል። ፕሮቲኑ ኒውክሊዮለስ ውስጥ የሚያቆየውን ጫፍ ያጣል፤ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ምልክት ያገኛል። ከተራው ወጥቶ ከኒውክሊየስ ውጭ ይባዝናል። በ2005 ጣሊያን ውስጥ ነው የታወቀው። ዛሬ ይህ ለውጥ መኖሩ ሕክምናውን ለመምረጥ ይመረመራል።

የፒኤምኤል አካል ደግሞ የተስፋ ታሪክ አለው። አኪዩት ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ የሚባለው ሌላ የደም ካንሰር በደም መፍሰስ ቶሎ የሚገድል በሽታ ነበር። በዚህ በሽታ 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞም ተቆርጠው ይቀያየራሉ። የእነዚህ አካላት ዋና ፕሮቲን የሆነው ፒኤምኤል ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይሠራል። በጤነኛ ሴል ውስጥ የነበሩት ጥቂት ክብ ጠቃጠቆዎች ወደ ብናኝ ይቀየራሉ። በሚያበራ ቀለም፣ በፍሉረሰንስ፣ ስታዩት ኒውክሊየሱ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል።

ሻንጋይ ውስጥ ዋንግ ዠንዪ የተባሉ ሐኪም በ1985 ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ለአንዲት የ5 ዓመት ልጅ ሰጡ። ልጅቷ ዳነች። በሰሜን ቻይና፣ ሃርቢን ደግሞ ሐኪሞች አርሴኒክ ይሞክሩ ነበር። አዎ፣ መርዙን አርሴኒክ። አርሴኒኩ በቀጥታ ፒኤምኤል ላይ ይጣበቃል፤ የተጣመመው ፕሮቲን ይወገዳል፤ አሸዋው ተመልሶ ክብ ጠቃጠቆ ይሆናል። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሆነው ይህን ገዳይ በሽታ በጊዜ ከተደረሰበት ከ90 በመቶ በላይ የሚድን አድርገውታል። የተበተነ ተራ ተመልሶ ሲሰበሰብ ሰው ሲድን ማየት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አለ። አጠገቡ ቀይ ሽንኩርትና ምላጭ አስቀምጫለሁ። ከሽንኩርቱ ቅጠል ውስጠኛ ፊት ላይ ያለችውን ስስ ልጣጭ በጥፍራችሁ ሳቡ። ስላይድ ላይ ከጠብታ ውኃ ጋር ዘርጓት፣ በስስ መስታወት ክደኗት። አዮዲን አታድርጉባት። አዮዲን ሴሉን ይገድለዋል፤ እኛ በሕይወት ሳለ ነው የምንፈልገው። መብራቱን ቀነስ አድርጉ። መጀመሪያ በትንሹ ሌንስ ኒውክሊየሱን ፈልጉ፤ ከሴሉ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ወደ 400 ሂዱ። ውስጡ የሚያብረቀርቅ ክብ ነገር ታያላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ካያችሁ ምን ያህል እንደተራራቁ ሣሉ። አንድ ብቻ ትልቅ ካያችሁ፣ ከጎናችሁ ያለውን ተማሪ ከመዋሃዱ በፊት ስንት ነበር ብላችሁ ጠይቁት። ልጆቹ ይቅደሙ። እኔ እዚያው እቆማለሁ።